የጋሼ ይፈተሽ የመጨረሻ ፍተሻ

የተቃጠለ የሽቦ ልባስ ሽታ ማንም አይወድም፤ እሷ ግን ትወደው ነበር። የመብራት መስመር ሠራተኛ የሆነው ባሏ ማታ ከሥራ ሲገባ የቱታውን እጅጌ ታሸትና፣ «ዛሬም ከእሳት ጋር ስትጣላ ዋልክ። ተመስገን፣ በእግርህ መጣህልኝ» ትለዋለች። እሱም የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ፣ «የሚመሰገነው ቴስተሬ ነው» ይላታል። ያ ሽታ ከቤቱ ከወጣ ዘመን አልፎታል፤ ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል፣ ቱታውም ተቀዶ የወለል መወልወያ ሆኗል።

ቴስተር የሚላት ከብዕር የማትበልጥ መፍቻ መሳይ ዕቃ ነበረች፤ ጫፏ ሽቦ ስትነካ ኤሌክትሪክ ካለ ብልጭ ትላለች። አለቃው «መብራቱ ጠፍቷል፣ ውጣ!» ሲለው እሱ ምሰሶው ሥር ቆሞ «ይፈተሽ» ይላል። ጓደኞቹ በዚሁ «ጋሼ ይፈተሽ» አሉት፤ ስሙም እንደ ጥላ ተከትሎት ሰፈር ድረስ ገባ። «ጋሼ ይፈተሽ እኮ ሙሽሪትንም በቴስተር ነክቶ ነው ያገባት» ሲሉት፣ «ነክቻት ቢሆን ኖሮ ዋናው ማጥፊያ በእሷ እጅ መሆኑን ቀድሜ አውቅ ነበር» ብሎ ያስቃቸዋል።

ቀልዱ ግን ከመራራ ነገር የበቀለ ነው። በጉልምስናው አብሮት የሚሠራ ጓደኛ ነበረው። ያ ሰው «ጠፍቷል» ያሉትን አምኖ ምሰሶ ላይ ወጣ፤ የወረደው በሰው ትከሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ይፈተሽ የሰው ቃል አይበቃውም። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚያስተምረውም አንድ ነገር ነበር። «ሙት ነው የተባለውን መስመር ከመንካትህ በፊት ቴስተርህን ሕያው መስመር ላይ ሞክረው። የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም መስመር ሙት ይላል።»

እግዜርንም በዚሁ ዓይን ነበር የሚያየው። «የለም አላልኩም፤ አልተፈተሸም ነው ያልኩት» ይላል። ሚስቱ ትስቅበታለች እንጂ አትቆጣውም። አንድ ልጃቸው ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ከቤት ወጥቶ ድምፁ በጠፋ ጊዜ እንኳ እሷ «ይመጣል» ከማለት አልቦዘነችም።

«ምን አይተሽ ነው?» አላት አንድ ቀን።

«አንተ ሰውዬ፣ አይቼውማ ቢሆን ማመን ምን ይሠራልኛል? አስቀምጬ አበላው ነበር እንጂ።»

ከዕለታት አንድ ቀን ስኒ እያጠበች ሳለ እዚያው ወደቀች። ሐኪሙ በአንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሷል አለ። ዓይኗ ይከፈታል፣ ትተነፍሳለች፣ በማንኪያ የሰጧትን ትውጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን፣ «ትስማ አትስማ እርግጠኛ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም» ብሎ ወደ ቤት ሰደዳት።

ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፤ ታጥባታለች፣ ታበጥርላታለች፣ የዋለችበትን ሁሉ ትዘከዝክላታለች። «እቴ ሙች፣ ያቺ ሴትዮ እኮ ወፍራ ወፍራ መጣችና ‹ጨርቅሽ ሳይታጠብ ጠበበ› አለችኝ!» ትልና ራሷ ትስቃለች፤ ለእህቷም ድርሻ የምታስቅላት ይመስላል። ጋሼ ይፈተሽ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። በአንዲት ነገር ይቀናባታል፦ መልስ ሳትፈልግ ማውራት መቻሏ።

እሱ ግን ይፈትሻል። «እጄን ጨበጥ አድርጊው» ይላል፤ አትጨብጥም። «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይላል፤ አትጨፍንም። ያኔ የገዛ ራሱ ትምህርት ትዝ ይለዋል። የተበላሸው ቴስተሩ ቢሆንስ? እጇና ዓይኗ ከሥራ ውጭ ሆነው እሷ ግን ውስጥ ብትኖርስ? ይህች ሐሳብ ብቻ ናት ቀና አድርጋ የያዘችው። ምልክት ሳታሳይ የምትሰማ ከሆነ፣ ዕድሜ ልኳን ያለ ማስረጃ አምና ልክ የነበረችው እሷ ናት ማለት ነው፤ እሱም እፎይ ብሎ ይረታላት ነበር። በሕይወቱ እንዲህ ለመረታት ጓጉቶ አያውቅም። የቀረው፣ በውስጧ ቅንጣት ነገር ካለ ሳያነቃንቃት የማይቀር አንድ ቃል መፈለግ ነበር። ቃሉን ደግሞ ያውቀዋል።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«እሜቴ» አላት። «ልጃችን መጣ። ውጭ ጫማውን እየጠረገ ነው፤ አሁን ይገባል።»

ምንም።

ከበሩ በኩል ግን ጩኸት ተሰማ። እህቲቱ የታጠቡ አንሶላዎች ታቅፋ ቆማለች። «መጣ? ጋሼ፣ መጣ?» አንሶላዎቹን ወለሉ ላይ ጥላ ሮጠች፤ የሮጠችውም ወደ ደጅ ሳይሆን ወደ አልጋው ነው። የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«እቴ! ሰማሽ? ልጅሽ መጣ! ይመጣል ስትዪ አልነበረም? ይኸው መጣ! እቴ!»

ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀነሰ፤ ኋላም ቆመ። በእጆቿ መካከል ያለው ፊት እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ነበር፤ አንዲት መስመር እንኳ አልታጠፈችበትም። ትንፋሿ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለእህቷ ስታወራ እንጂ ከእህቷ ስትጠብቅ አልኖረችም። ዛሬ ሳታስበው ጠበቀች።

«የት አለ ልጁ?» አለች ዞር ሳትል።

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«አልመጣም። ልሞክራት ብዬ ነው።»

ብትሰድበው፣ በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር። እሷ ግን እጆቿን ከእህቷ ፊት ላይ አነሳች፤ የት እንደምታሳርፋቸው የጠፋት ትመስላለች።

«ስንቱን ነገር አወራኋት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሼ ይፈተሽ ደነገጠ። የፈተሸው ሚስቱን ነበር፤ የተቆረጠው ግን ሌላ መስመር ነው። «ስሚኝ» አለ፣ «ቴስተር እኮ ራሱ ይበላሻል። አለመብራቱ የለም ማለት አይደለም።»

«ተው ጋሼ።»

«ደግሞ ስዋሽ ሁልጊዜ ታውቅብኝ ነበር። አሁንም አውቃብኝ ይሆናል፤ ‹ይኼ ሰውዬ ሊሸውደኝ› ብላ ዝም ብላ ይሆናል።»

በዕድሜው ሁሉ ሰውን ያለ ማስረጃ እመን ብሎ ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ድምፁ ለገዛ ጆሮው እንኳ የሚታመን አልነበረም።

እህቲቱ አንሶላዎቹን ከወለሉ ለቃቅማ፣ አቧራቸውን አራግፋ፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች። ቦርሳዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ወደ አልጋው ሳትዞር፣ ለእሱም «ደህና እደር» ሳትለው፣ ወጣች።