ባሕር የሌለው አገር ሜዳሊያ

ልጄ አያቷን ውሸታም ያለችው ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው፣ ሦስተኛ ክፍልን በስደት በምንኖርባት በሬይኖልድስበርግ ከተማ ቤታችን ውስጥ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ በታብሌት በምትማርበት ጊዜ ነው። እኔ አጠገባችን ባለችው ኒው አልባኒ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለምሠራ፣ ጠዋት ጠዋት እሷን የማስጠናቱ ጣጣ የእኔ ነበር። አብሮን የሚኖረው አባቴ ደግሞ እንግሊዝኛው ብዙም ባይገባውም፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ከማናቸውም ተማሪ ይልቅ ትምህርቱን በትጋት ይከታተላል።

አንድ ቀን አስተማሪዋ እያንዳንዱ ልጅ ስለ አንድ የቤተሰቡ አባል እንዲናገር አዘዘች። ልጄ አያቷን መረጠች። አባቴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ መርከባቸው ቀይ ባሕር ላይ ተዋግታ ካሸነፈች በኋላ ሁሉም ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቤት ይቁጠረው። ደግነቱ እሱ ሞተር ክፍል ስለነበር ውጊያውን በዓይኑ አላየውም፤ ስለዚህ ታሪኩ አጭር ነው።

ልጄ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ታብሌቷ ላይ ካርታ ከፈተች።

"ማሚ፣ ሉክ! ኢትዮጵያ ላንድሎክድ ናት። ባሕር የላትም። አባባ ኢዝ ላይንግ!"

አባቴ ከእንግሊዝኛ ብዙ ባያውቅም የመጨረሻዋን ቃል፣ ይዋሻል ማለቷን፣ ያውቃታል። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ ደሜ ፈላ። "አያት እንዲህ ይባላል?" ብዬ ጮህኩባት።

"ተያት፣ ያየችውን ነው የተናገረችው" አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ሲመለስ ሜዳሊያውን ይዞ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒቱን ከሚያስቀምጥበት መሳቢያ ነው ያወጣው። ነሐስ ነው፤ በአንዱ ፊት መልሕቅ፣ በሌላው የአማርኛ ጽሑፍ አለው። ሰማያዊ የነበረው ሪባን ቀለሙን ለቋል። ልጄ የአማርኛ ፊደል ስለማታነብ ጽሑፉ ምንም አልነገራትም። ገልበጥ አድርጋ አየችውና በእንግሊዝኛ ትጠይቀው ጀመር፤ እኔ መሃል ገብቼ አስተረጉማለሁ።

"ለማን ነው የሰጡት?"

"መርከቡ ላይ ለነበርነው ሁሉ፤ ከካፒቴኑ እስከ ወጥ ቤቱ።"

ሮጣ ሄዳ የራሷን የእግር ኳስ ሜዳሊያዎች አመጣች። ቡድኗ አንድም ቀን ሲያሸንፍ አላየሁም፤ እዚህ አገር ግን የተሳተፈ ልጅ ሁሉ ይሸለማል። ከእሱ ሜዳሊያ ጎን ደረደረቻቸው። የእሷዎቹ ይበልጣሉ፣ ደግሞም ያብረቀርቃሉ።

"እኔም አለኝ" አለች።

ሳቄ መጣብኝ፤ እንደምንም ዋጥኩት። አባቴ አልሳቀም። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቆ ያቆየው ማስረጃ የልጅ መጫወቻ ሲሆን ማየት አሳዘነኝ።

"እሺ፣ ካሸነፋችሁ ባሕሩ የት ሄደ?"

ይህን አባቴን ደፍሮ የሚጠይቅ አዋቂ ሰው አላውቅም። የባሕሩ ነገር ሲነሳ ድምፁ ከፍ ይላል፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና ቶሎ ብላ ወሬ ትቀይር ነበር። ላለሳልስለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እንዳለችው ነገርኩት።

ሜዳሊያውን አንስቶ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

"የት ይሄዳል? እዚያው ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አሁን የኤርትራ ነው።"

"ያኔ ያሸነፋችሁት ማንን ነው?"

"እነሱኑ። የኤርትራን ልጆች።"

"እነሱም ሜዳሊያ አላቸው?"

"ሳይኖራቸው ይቀራል? በኋላ እኮ አሸነፉን።"

አሸነፉን። ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። "ተከዳን" ሲል፣ "ጥይት አለቀብን" ሲል ነው የኖረው። አሁን ግን የጎረቤት ወሬ የሚያወራ ያህል ረጋ ብሎ ተናገረው። ልጄ ካርታዋን አየች፣ ከዚያ አያቷን አየች።

በማግስቱ ተራዋ ደረሰ። አባቴ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ምን ልትል ነው ብዬ ከጎኑ ቆምኩ። ሜዳሊያውን ወደ ካሜራው አስጠግታ በእንግሊዝኛዋ ተናገረች።

"አያቴ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። አንድ ጊዜ አሸነፉና ይሄን ተሸለሙ። በኋላ ተሸነፉ። ለዚህ ነው ካርታው ላይ ኢትዮጵያ ባሕር የሌላት።"

አስተማሪዋ አመሰገነቻትና ስለ ውሻው ሊናገር ወደተዘጋጀ ልጅ አለፈች።

"ምን አለች?" አለኝ አባቴ በሹክሹክታ።

"እንደተሸነፋችሁ ነገረቻቸው።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሸሚዙን አስተካከለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"እንግዲያው አምናኛለች" አለ።