ሌስተር እስኪመጣ

የደሴታችን ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው። ጎረምሳው ሁሉ ከባሕር ማዶ ርቆ አልበርታ ነዳጅ ማውጫ ስለሚሠራ፣ አባት ሲያጣጥር «ልጅህ ሳይደርስ እንዳትሞት» ይሉታል። ሞት የመርከብ ሰዓት የሚጠብቅ ይመስል!

ደሴቱ ሁሉ አጎት የሚላቸው ዓሣ አጥማጁ አምብሮስ ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ ዘልቆ ክሊኒካችን ተኝተዋል። ልጃቸው ሌስተር ከአልበርታ መጥቶ ማዶ ወደቡ ላይ ደርሷል፤ ጉሙ ግን መርከቧን አላስነሣ አለ። የዕለቱ ተረኛ ነርሶች ፊሎሚናና እኔ ነበርን። ሐኪሙ በስልክ፣ «ሕመሙ ሲጠናባቸው ሞርፊኑን ስጧቸው» ብሎናል። ፊሎሚና መርፌውን ይዛ ስትገባ የአምብሮስ ልጅ ዶሪን መንገድ ዘጋችባት።

«አሁን ከወጋሽው አባዬ ይተኛል፤ ከተኛ ደግሞ አይነሣም። ሌስተርን ሳያናግረው?»

«ዶሪን፣ እያመማቸው እኮ ነው።»

«አብረን አድገን? ይሄን ካደረግሽብኝ ዓይንሽን አላይም፣ ፊሎ።»

ፊሎሚና ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። «አጎቴ፣ ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እጠብቀዋለሁ» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ጠበቁ። «ሌስተር፣ ሌስተር» እያሉ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ነከሱ። ስናገላብጣቸው ያወጡት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ዶሪንን በጥፊ ብላት ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷም ግን እያለቀሰች ነው። በመጨረሻ ጉሙን ልታይ ወደ እኛው ወደብ ሮጠች።

በሩ እንደተዘጋ አጎት አምብሮስ የፊሎሚናን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

«ስጪኝ።»

«ሌስተርስ፣ አጎቴ?»

«መጣ አልመጣ ምን አገባኝ! ስጪኝ አልኩሽ!»

ሰጠቻቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ፊሎሚና የሰጠችበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ ጻፈች።

ሌስተር በጎረቤት ሞተር ጀልባ ጉሙን ሰንጥቆ መጣ። «አባዬ፣ መጣሁልህ» ቢል ትንፋሽ እንጂ መልስ የለም። ወደ እኛ ዞረ። «ምን አለ? አልጠበቀኝም?»

«ሊጠብቅህ ነበር» አለች ዶሪን። «እሷ ናት ያስተኛችው።»

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ፊሎሚና ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

«ስምህን ሲጠሩ ነበር» አለችው። «የወጋኋቸው እኔ ነኝ።»

«ከዚህ ጥፊልኝ!» አለ ሌስተር።

አጎት አምብሮስ ከመምሸቱ በፊት አረፉ። እኛ ዘንድ ያስታመመች ነርስ ከቤተሰቡ ጋር ሬሳውን ታጥባለች። ፊሎሚና ውሃውን ይዛ ስትመጣ ዶሪን በሩ ላይ ቆማ፣ «አንቺ አባዬን አትነኪውም» አለቻት። ሌስተርም ቀና ብሎ አላያትም።

ፊሎሚና የውሃውን ሳህን ለእኔ አቀበለችኝና፣ «ቀስ ብለሽ አገላብጫቸው» አለችኝ፤ «ግራ ጎናቸውን ያማቸዋል።»