የበግ ገዢው እጅ

"አባባ፣ የሰውየውን እጅ የት ጣሉት?" አለችኝ ዛሬ ሰፈራችን ፎቶ ቤት ያላት ሄለን።

ሸጎሌ ከብት ገበያ በግ ሲገዛ በስልኬ ያነሳሁትን የአንድ ሰውዬ ፎቶ መስኮቷ ላይ እንድትሰቅልልኝ ወስጄላት ነበር።

"ፊቱ አይበቃሽም?" ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ከሟች ባለቤቴ በቀር ማንም አርሞኝ አያውቅም፤ እሷንም እሺ ብያት አላውቅም።

መንገድ ላይ ፎቶውን ደግሜ ሳየው ግን ልጅቷ ልክ ናት፤ እጁ ተቆርጦ ቀርቷል። የበግ ገዢ ነገሩ ሁሉ የበጉን ወገብ የሚዳብስበት እጁ ላይ ነው።

ሸጎሌ ተመልሼ ሌላ ገዢ አስፈቅጄ ከነእጁ አነሳሁት።

"ይሄ ይሰቀላል!" አለች ሄለን ስታየው። እኔም አልማርኳት፤ "አንቺ ያነሳሻቸው ሰዎችስ ፖሊስ የያዛቸው ይመስል ለምንድነው ቀጥ ብለው የሚቆሙት?" ብያት ተሳሳቅን።

አሁን ፎቶዬ መስኮቱ ላይ ነው፤ ሦስቴ አልፌ አይቼዋለሁ።

እናንተስ እየተናደዳችሁ የተቀበላችሁት እርማት አለ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ።