አሥር አምፒር ለፎገራ ጭቃ

ማክሰኞ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ለአጎቴ ለቄስ ሞገስ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላደርስ ነው። አጎቴ የሚኖሩት ወረታ ከልጃቸው ቤት ነው፤ የሚያገለግሉት ግን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሐይቁ በኩል ባለ የማርያም ቤተ ክርስቲያን። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። በፍልሰታ ጾም ደግሞ በየቀኑ ይቀደሳል። ሁለት ሱባዔ ሙሉ በእግር መመላለሱን እንደማይችሉት ስላወቅን ዘመድ አዝማድ አዋጥተን ብስክሌቱን ገዛን። ባትሪውን መምረጥ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝና ማንም አልተከራከረኝም።

ምርጫው ሁለት ነበር፦ ባለ አሥር አምፒርና ባለ ሠላሳ። ትልቁ ከባድ ነው፤ ዋጋውም ያስደነግጣል። ትንሹን በባሕር ዳር አስፋልት ሞከርሁት፤ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ወሰደኝ። የአጎቴ መንገድ ደርሶ መልስ ሃያ አራት ነው። ይተርፋል እንጂ አያንስም ብዬ ትንሹን ገጠምሁ። የልቤን ልናገርና፣ በስሌቴ ኮርቼ ነበር።

ብስክሌቱን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲያስር ረዳቱ፣ «ይኼ ፈረስ ምን ይበላል?» አለኝ።

«መብራት።»

«መብራት የጠፋ ቀን እሱም ይጾማላ!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ውኃው ደፍርሶ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ አረንጓዴው መሐል ውኃው ያብለጨልጫል። ወረታ መገንጠያው ላይ በጭነት መኪናና በባጃጅ መሐል ወረድሁ።

አጎቴ ብስክሌቱን ባርከው ገና ሳይቀመጡ ስልክ ተደወለ። ጌታቸው የሚባል የደብሩ ገበሬ ነው። እናቱ ወይዘሮ ትርንጎ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ አጎቴ የነፍስ አባታቸው ናቸው።

«አባ፣ እናቴ ነገ ልቁረብ ብላለች። አቅም የላትም፤ በቃሬዛ እናመጣታለን። እንዳይቀሩብን።»

«ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ!» አሉ አጎቴ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ሌላው ቄስ ብቻቸውን ናቸው። ያለ ሁለት ቄስ ቅዳሴ አይገባም። ያደርሰኛል ይኼ ነገር?»

«ደርሶ ይመልስዎታል» አልሁ።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት

ባትሪው ሞልቶ አድሯል፤ የቀረውን ኃይል የሚያሳዩት አምስቱም መብራቶቹ በርተዋል። አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። እኔ በተራ ብስክሌት ተከተልሁ። ጠጠሩ መንገድ ላይ እንደ ወጣት በረሩ።

ከጠጠሩ ወርደን ዋልካው ላይ ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። ጥቁሩ አፈር ጎማ ይይዛል። ከዚያ የባሰው ግን ሰዉ ነው። ቄስ አይቶ መስቀል ሳይሳለም የሚያልፍ የለም። ሩዝ የሚያርሙት ከማሳው እየወጡ፣ ከብት የሚነዱት ከብታቸውን እየተዉ መንገድ ዳር ይቆማሉ። አጎቴ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ይቆማሉ፤ ያሳልማሉ፤ «የታመመ አለ? ልጆች ደኅና ናቸው?» ይላሉ። ከዚያ እንደገና ከጭቃው ውስጥ መነሣት ነው። ባትሪን ደግሞ እንደ መነሣት የሚበላው የለም። እኔ አስፋልት ላይ ስሞክረው ፔዳሉን በእግሬ እያገዝሁ ነበር፤ የእሳቸው ጉልበት ግን ያን አይችልም። ይኼን ሁሉ ከስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሁለት መብራት ሲቀር ጨነቀኝ። «አባ፣ ሳይቆሙ ከላይ ሆነው ቢያሳልሙስ?»

«መስቀል በሩጫ አይሳለሙም፣ ልጄ። ይኼ ሰው ከማሳው የወጣው ብስክሌት ሊያይ ነው?»

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ቆመ። የመጨረሻዋም መብራት ጠፋች።

ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ አጎቴ በመቋሚያቸው እየተደገፉ በእግር ቀጠልን። ውኃም አልቀመሱ፤ የሚቀድስ አይቀምስም። በየጥቂቱ ቆመው ጉልበታቸውን ይይዛሉ። በቅሎ ጠየቅን፤ አላገኘንም። ስድስት ሰዓት፣ የቅዳሴው መግቢያ፣ እዚያው ጭቃ ውስጥ አለፈ። ከዚያ ጌታቸው ከሩቅ ሲመጣ አየነው። መጀመሪያ ሊደግፈን የመጣ መስሎኝ ነበር። ሲቀርብ ግን ነጠላውን አዘቅዝቋል።

«አባ» አለ፤ «ስትጠብቅዎት ቆየች። ‹መጡ ወይ?› ስትል ነበር። አሁን አረፈች።»

አጎቴ ጭቃው ላይ ቆመው አለቀሱ። እኔ የብስክሌቱን እጀታ እንደያዝሁ ቀረሁ። ያን ዕለት ያፈርሁትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። በኋላ ብቻችንን ስንሆን ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ሞቱ የእግዜር ነው» አሉ። «መዘግየቱ የእኛ ነው። ዋሽቼ አላጽናናህም።»

ቅዳሴው በዘጠኝ ሰዓት ገባ። ሰዉ ጾሙን እንደዋለ ጠብቆ ነበር፤ ሕፃናቱም ሳይቀሩ። ማታ ጌታቸው ቤት የሩዝ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን። ሐዘንተኛው ራሱ «ብላ እንጂ፤ ደክሞሃል» ይለኛል። የቆረስሁትን መልሼ አስቀመጥሁ።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ

ከቀብሩ መልስ በቀጥታ ባሕር ዳር ገብቼ ትልቁን ባትሪ ገዛሁ። በማግሥቱ ወረታ ወስጄ ገጠምሁና ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት አጭር ነው፦ የባትሪ አቅም የሚለካው ጠጋኙ በሞከረበት መንገድ ሳይሆን ባለቤቱ በሚኖረው ኑሮ ነው። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ኪሎ ሜትሩን ከመጠየቄ በፊት መንገዱ ምን እንደሆነ፣ ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ፣ ማን ማን እንደሚያስቆመው እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገረማል።

ሰኞ ወደ ማታ አጎቴ ደወሉ።

«ደርሼ ተመለስሁ፤ ያገኘሁትንም ሁሉ አሳለምሁ። አንድ መብራት ተርፎታል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ!»

 

«ይመስገን» አሉ። «ዛሬ ግን በቃሬዛ የመጣ አልነበረም።»