ፈርሱም መደብ ሆነ

የእኛ ሰፈር ሰው በምንም ባይስማማ በፋሲካ ቅርጫ ይስማማል። ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን ጎረቤት ተዋጥቶ በሬ ይገዛና ከእንጦጦ በሚወርደው ወንዝ ዳር ያርዳል። ሥጋውን የሚመድቡልን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ከሚዛን አያንስም። መድበው ሲጨርሱ እያንዳንዳችን ቁልፍ፣ አዝራር ወይም ስንጥር እንሰጣለን፤ ሲመደብ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ዕጣ ነውና ማንም አያኮርፍም። ከሆድ ዕቃው የሚወጣው ፈርስ ግን የማንም ድርሻ አይደለም፤ ወደ ወንዙ ይደፋል። ወንዝ ዳር የምናርደውም ለዚሁ ነው።

እናቴ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ከእኛ ዝቅ ብላ ትኖራለች። ጓሮዋ ቆስጣና ሰላጣ እያለማች ሾላ ገበያ ትሸጣለች። እኛ ጋ ኑሪ ብንላት "የራሴ ጓሮ እያለ?" ትላለች። አምና በፋሲካ ቀን ከድርሻዬ ላይ ይዤላት ስሄድ፣ ከቧንቧ በጄሪካን ውሃ እያመላለሰች ችግኝ ስታጠጣ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ወንዙ እግርሽ ስር አይደል እንዴ?"

"በበዓል ሰሞን አልነካውም። ይሸታል። ሰው የሚበላውን ቅጠል እንዴት በሱ አጠጣለሁ?"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?"

"ሥጋውን እየተቀበልኩ ምን ልበል?"

አንጀቴን በላችው። በሚያዝያ ወንዙ ቀጭን ነው፤ የደፉበትን ይዞ ሩቅ አይሄድም። እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የምናደድበት ሰው አጣሁ።

ዘንድሮ በሬው ሳይታረድ በፊት ጉድጓድ እንቆፍር አልኩ። የማን ግቢ ይቆፈር? የሁሉም ግቢ ሲሚንቶ ሆኗል። ቀልድ የሚወድ አንድ ጎረቤቴ፣ "ወንዝ የማይወስደው ነገር የለም፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?" አለኝ።

"ይወስደዋል። የሚወስደው እናቴ ጓሮ ነው።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ሽማግሌው ቢላዋቸውን መሳል አቁመው፣ "እንግዲያው ፈርሱም ይመደባ። ሥጋው በዕጣ፣ ፈርሱ በወንዝ የሚባል ነገር የለም" አሉ።

ደሙን አፈር አለበስነው። ፈርሱን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን፣ ከሁላችንም ዕጣ አንዱ ብቻ እንዲጣልበት አደረግን። የወጣው የዚያ የቀልደኛው ጎረቤቴ ቁልፍ ነበር። መንደሩ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ግን የት ይቅበረው? ወንዝ ዳሩ ድንጋይ ነው፤ በአካባቢው የሚቆፈር አፈር የቀረው እናቴ ጓሮ ብቻ ነው። ከረጢቱን እኔና እሱ ግራና ቀኝ ይዘን ወረድን፤ የበዓል ነጭ ልብሱ እንዳይሆን ሆነ። እናቴ "ሲበሰብስ ለቆስጣዬ ይሆናል" ብላ ጥግ ላይ አስቆፈረችን። ቀብረን ስንጨርስ እሱ እጁን ሊታጠብ ወደ ወንዙ ሲያመራ ጠራችው።

"ና ልጄ፣ በዚህ ታጠብ። እሱን ዛሬ አንነካውም።"

"እማማ፣ ዘንድሮ እኮ እኛ አልደፋንም። ይጠቀሙበት።"

"ከእናንተ በላይም ፋሲካ ነው፣ ልጄ።"

ዞር ብሎ ወንዙን አየ። ከላይ ከየመንደሩ የተደፋው እየወረደ ነበር። ተመልሶ እጁን ዘረጋ። እናቴም ከቧንቧ ተሸክማ ካመጣችው ጄሪካን እየቆጠበች አፈሰሰችለት።