በአያ ደምሌ ፊት ላይ የሠራሁት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ዘርዝሬ፣ ትልቁን ውጬ ተነስቻለሁ! አንተ የምታነበው፣ ራስህን እንደ ነፍስ አባቴ ቁጠርና ስማኝ።

በኢሕአዴግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ወልድያ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ጎን ለጎን በኢንተርኔት ላገኘሁት የውጭ ድርጅት፣ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ላሉ ሰዎች የፊት ቆዳ እስል ነበር። ቆዳ አንድ ቀለም ብቻ አይደለም። አፍንጫ ጫፍ ላይ ይቀላል፣ ግንባር ላይ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከዓይን ሥር ይጠቁራል። እያንዳንዷን የላብ ቀዳዳ በኤሌክትሮኒክ ብዕር ካልነካካሃት ፊቱ ፕላስቲክ ይመስላል። እኔ ይህን እችልበት ነበር፤ የጣለኝም መቻሌ ያመጣብኝ ትዕቢት ነው።

አንድ ጊዜ ሰው የሚበላ አውሬ ፊት እንድሠራ ታዘዝኩ። በዚያው ሰሞን አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ከጉባ ላፍቶ ለመሬት ይዞታ ደብተራቸው ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ፊታቸውን ወቅሮት ነበር። እንደዚያ ያለ ቆዳ አይቼ አላውቅም። ምን አደረግኩ? "ለደብተሩ ከቅርብም ያስፈልጋል" ብዬ ዋሸኋቸውና ጉንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ አንገታቸውን አነሳሁ።

"እንዳልክ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ ፊታቸውን ወደ መብራቱ አዙረው።

ጠባሳቸውን አንድ በአንድ ገለበጥኩት። ቢጫ ዓይንና ደም የነካው አፍ ጨመርኩበት እንጂ ቆዳው የእርሳቸው ነበር። አልቆ ሳየው ራሴም ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ብደብቀውስ? አልደበቅኩትም። ሙያዬን ላሳይ ብዬ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ በብሉቱዝ ላክሁለት። እኔ ነኝ የላክሁት፤ ማንም አልሰረቀኝም።

በሳምንቱ ምስሉ ከስልክ ወደ ስልክ አልፎ መርሳ ከተማ ደረሰ፤ በጠባሳው አወቋቸው። "ካሜራ የተደበቀውን ያወጣል፤ ደምሌ ቡዳ ነው" ተባለ። ማክሰኞ ገበያ ላይ እናቶች ሲያዩዋቸው ልጆቻቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ አየሁ። ቅቤያቸውን የሚገዛ ጠፋ። ልጃቸው የሺ ለመርሳ ሰው ታጭታ ነበርና የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ምስሉን በስልክ ይዘው ፎቶ ቤቴ መጡ።

"ልጄ፣ እንዲህ ሆነው ነው ያነሳሃቸው ወይስ ሰው የሠራው ነው? አንተ ያልከውን እናምናለን።"

"እኔ ሠራሁት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ፈራሁ። ሰውን አውሬ የሚያደርግ እርሱ ራሱ መተተኛ ነው ቢሉኝስ? ቤቴን ቢያቃጥሉብኝስ?

"እኔ ካሜራው ያየውን ነው የማነሳው" አልኩ።

አማትበው ወጡ። ሠርጉም ቀረ።

ከወር በኋላ አያ ደምሌ ራሳቸው መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንደ ያኔው ፊታቸውን ወደ መብራቱ አዞሩ።

"ልጄ፣ ፊቴን እንደ አንተ በቅርብ ያየው የለም። እውነት ቡዳነት አለብኝ? ሳላውቀው የሰው ልጅ በልቼ ይሆን?" አሉኝ።

እግዚኦ! ሰውዬው ራሳቸውን መጠርጠር ጀምረዋል። አሁንስ ተናገርክ ትለኝ ይሆናል። አልተናገርኩም። "እኔ እንጃ፣ አባቴ" አልኳቸው።

እኔ እንጃ! እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ ሠርቼው፣ እኔ እንጃ!

እስከ ዛሬ ሽማግሌ ፎቶ ሊነሳ ሲገባ ፊቱን ላለማየት አቀረቅራለሁ። አያ ደምሌ በሞቱ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ፤ አዎ፣ ይህንንም ደፈርኩ። እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት፦ "እንዳልበላው" እያሉ፣ የሺ በኋላ የወለደችውን የልጅ ልጃቸውን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ሳያዩት ሞቱ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም፤ ፈሪ ሁሉ እንዲህ አያደርግም። የሺ፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም። ለዚያ ልጅ ብቻ ንገሪልኝ፤ አያቱ ምንም አልነበረባቸውም። እኔ ነኝ የሠራሁት።