የክላክስ ሰላምታ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካለች ምሳ ቤት ሽሮ እየበላን ሳለ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ ትልቅ መርከብ አሳየን። ባሕር ዳርቻው ላይ እንደ ታመመ በሬ በጎኑ ተጋድሟል። ካፒቴኑ የዳርቻውን ሰዎች በቅርብ ሰላም ልበል፣ መርከቤንም ይዩልኝ ብሎ ሲያስጠጋ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ነው አሉ። የሞቱም ሰዎች ነበሩ።

እዚያ ቤት የምንበላው አብዛኞቻችን ሹፌሮች ነን፤ ሹፌር ደግሞ በሌላ ሹፌር ላይ መፍረድ አይከብደውም።

«ይኼ ሁሉ ባሕር እያለለት ዳር ምን ወሰደው?» አለ አንዱ።

«ጉራ ነዋ!» አለ ሌላው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ ግን የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ያንን ሰውዬ ባላየውም ከእነሱ ሁሉ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ የሚመላለስ ረጅም አውቶብስ እነዳ ነበር። የእናቴ ቤት ገሳይን አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ግርጌ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ገና ከሩቁ ኮፍያዬን አስተካክላለሁ፣ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ የቀኝ ጎማዬን ከአስፋልቱ አስወጥቼ ጠጠሩ ላይ አደርግና አውቶብሱን የሰፈሩ ሰዎች ወደቆሙበት ዳር አስጠጋዋለሁ። ከዚያ ክላክሱን ሦስት ጊዜ አስረዝሜ እለቀዋለሁ። ሴቶቹ እልል ይላሉ። እናቴ ከሁሉም ፊት ቆማ፣ በአንድ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ በሌላው ሰላም ትለኛለች። በስፖኪዮ መስታወቴ እያየኋት አልፋለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለፍኩ። ሰው ባገኘች ቁጥር «ናፍቆኛል በሉት» ብላ ትልክብኛለች። እኔም «በሳምንት ሁለቴ እያየችኝ ምን ናፈቀች?» እል ነበር። ተሳፋሪ ይቸኩላል፣ ማቆሚያ የለም፣ ነገ እሄዳለሁ፤ ሰበብ ሞልቶኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ከመውረዱ ይልቅ ማለፉ ይጥመኝ ነበር። ከወረድኩ ያው የእሷ ልጅ ነኝ፤ ውሃ ቅዳ፣ አጥሩን አጥብቅ የምባል። መሪ ይዤ ሳልፍ ግን አገር ያየኛል።

በዕድሜ የሚበልጠኝ ረዳቴ «ክረምት ነው፣ ጠጠሩን አትመነው» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መክሮኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልሰማሁትም።

አንድ የነሐሴ ማክሰኞ እንደ ልማዴ ዳር ያዝኩ። ሁለተኛውን ክላክስ ሳልጨርስ ከስሬ መሬቱ ከዳኝ። የኋላ ጎማው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፣ አውቶብሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ እናቴ ድንች ማሳ አዘመመ። «እመቤቴ ድረሽ!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ ተነሣ። እኔ ተሳፋሪውን አላሰብኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በቀኙ ስፖኪዮ ውስጥ የሚታየው ጭቃ ብቻ ነበር፤ እናቴ የቆመችው ደግሞ በዚያ ወገን፣ ከታች ነው።

በእኔ በኩል ባለው በር ዘልዬ ዞርኩ። ሌሎቹ ሴቶች ሸሽተዋል። እናቴ ካዘመመው አውቶብስ ስር፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ነጠላዋን እንደጨበጠች ቆማለች።

«እማዬ! ምነው አትሸሽም?»

«አንተ ውስጥ ሁነህ ወዴት ልሽሽ?» አለችኝ።

ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አወረድን፤ ማንም አልተጎዳም። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ሰላምታውን በአፍህ ብትለውስ?» አሉኝ። መቋሚያቸውን ከጭቃው አንሥቼ ሰጠኋቸው። ረዳቴ ሰዎቹን በሌላ መኪና አሳፈረልኝ፤ የሚጎትተን የጭነት መኪና እስኪመጣ ድረስ ግን መሄጃ አልነበረኝም። ወደ እናቴ ቤት ወረድኩ።

ደጃፉ ላይ አጥሩ ወድቋል። እናቴ መደቡን በእጇ ጠርጋ አስቀመጠችኝና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ተቋጥሮ የኖረው የገብስ ቆሎ ነው። መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ።

«ይኼን መች ቆላሽው?»

«ማታ ነዋ። ሁሌም በዋዜማው እቆላለሁ፤ ምናልባት ቢያቆም ብዬ። አልፈህ ስትሄድ ለጎረቤት ልጆች እሰጠዋለሁ።»

«እማዬ፣ ሥራ እኮ ነው። የት ላቁም?»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች፤ ቁጣ ግን የለባትም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «መኪናህንማ ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ የኔ ጌታ። ያጣሁት አንተን ነው። ይኼ ሽበት መች ወጣብህ?»

ቆሎውን እየቆረጠምኩ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ያ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ነው እንግዲህ መርከቡን በቴሌቪዥን ያየሁት። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ፤ የዕረፍት ቀኔ ስለነበር በሚኒባስ ገሳይ ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ። እናቴ ዓይኗ ደክሞ ነበር፤ ኮቴዬን ሰምታ ነው ስሜን የጠራችው። መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ የካፒቴኑን ነገር አወራኋት። ባሕር አይታ አታውቅም። መርከብ ማለት በውሃ ላይ የሚሄድ፣ የገሳይን ሰው ሁሉ የሚጭን አውቶብስ ነው አልኳት።

«ሰዎቹ ተረፉ?»

«የሞቱም አሉ።»

አማተበች። ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«ሰላም ሊላቸው ከሆነ፣» አለች፣ «ምነዋ ወርዶ ቢጠይቃቸው?»